የጣሪያና ግድግዳ ግብር ፍርድ ቤት ሲቀርብ፦ ለእኛ ምን ማለት ነው?

(ቤይሩት ውስጥ በእሑድ ስብሰባችን ላይ ያደረግሁት ንግግር፣ ለመጽሔታችን እንዲሆን ትንሽ የተስተካከለ)

እህቶቼ፣ ከሳምንቱ የምትቀራችሁን አንዲት ቀን ለዚህ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ። እሑድ እንኳ ከቤት መውጣት የማይፈቀድላችሁና ይህን በጽሑፍ የምታነቡትንም ሰላም ብያለሁ።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ቤት ግብር ነው። «እኛና የአዲስ አበባ ግብር ምን አገናኘን?» የምትል አትጠፋም። ግን እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። አንዷ ኮንዶሚኒየም ደርሷት በባንክ ዕዳ እየከፈለች ነው። ሌላዋ የእናቷን የጭቃ ቤት ቆርቆሮ ቀይራ፣ አጥር አሳጥራ፣ አንድ ክፍል ጨምራለታለች። ሌላዋ ደግሞ በወንድሟ ስም ቤት ገዝታለች። ቤቱ ውስጥ አንኖርም፤ ግብሩ ሲጨምር ግን የሚደወለው ለእኛ ነው። «የጣሪያና ግድግዳ ግብር ጨምሯል፣ ብር ላኪ» የሚል የኢሞ ጥሪ ያልደረሳት ብትኖር እጇን ታውጣ።

ከዚህ ጥሪ በኋላ የምትጠይቁኝ ነገር ሁለት ነው። አንደኛው «እውነት ጨምሯል ወይስ እየዋሹኝ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ፍርድ ቤት ጭማሪውን ሕገ ወጥ ብሎታል ይባላል፤ ታዲያ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ነው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሕጉን ግን ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ፤ የገባኝን በቤት ቋንቋ ላስረዳችሁ።

ነገሩ ከየት ይጀምራል?

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በዓመቱ፣ በ1968፣ አዋጅ ቁጥር 80 ወጣ፤ ይህም የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ለቦታው የምትከፍሉት «ኪራይ» ይባላል። የእናንተ የሆነው ከመሬቱ በላይ ያለው ነው፤ ለእርሱ የምትከፍሉት ደግሞ «ግብር» ይባላል። ከመሬት በላይ ያለው ምንድን ነው? ጣሪያና ግድግዳ ነዋ! ሕዝቡ «የጣሪያና ግድግዳ» የሚለው ለዚህ ነው።

ግብሩ እንዴት ይሰላል? በ1968ቱ አዋጅ መሠረት መጀመሪያ «ይህ ቤት ቢከራይ በዓመት ስንት ያወጣል?» ተብሎ ይገመታል። ከዚያ ከግምቱ ላይ በመቶኛ ይወሰዳል፤ መጣኔው ከ1 በመቶ ጀምሮ እስከ 4.5 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ሂሳቡ ሁለት እግር አለው፤ አንዱ መጣኔው፣ ሌላው ግምቱ። ይህን ከያዛችሁ የፍርድ ቤቱ ክርክር ግማሹ ገብቷችኋል ማለት ነው።

ቁጥሩን እኔ ለምሳሌ ያህል አስቀምጬው እንየው። የአንድ ቤት የዓመት ኪራይ ግምት 3,000 ብር ቢሆንና መጣኔው 4 በመቶ ቢሆን፣ ግብሩ 120 ብር ነው። መጣኔውን ማንም ሳይነካው ግምቱ ብቻ ወደ 60,000 ብር ከፍ ቢልስ? ግብሩ 2,400 ብር ይሆናል። ሃያ እጥፍ! በአዋጁ ላይ ግን አንዲት ፊደል አልተለወጠችም።

ክርክሩ ምን ላይ ነበር?

የድሮው ግምት ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ቆይቷል። ኪራይ ስንት እጥፍ እንደጨመረ የምታውቁት ነው፤ ለቤተሰብ የቤት ኪራይ የምትልኩት እናንተው ናችሁ። የከተማው አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. የቤት ግብሩን ሲከልስ ግን ጭማሪው በአንድ ጊዜ መጣ። ጡረተኛው፣ ባሏ የሞተባት፣ ቤት እንጂ ገቢ የሌለው ሁሉ ደነገጠ።

ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ እንሁን። ከተማ ያለ ገንዘብ አይሠራም። መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የቆሻሻ መኪናውም ወጪ አለው። የሃምሳ ዓመት ዕድሜ ባለው አዋጅና ባረጀ ግምት ዛሬን ማስተዳደር ይከብዳል። ቤት ያለው ሰው ለከተማው ትንሽ ያዋጣ ማለትም በራሱ በደል አይደለም።

ተቃዋሚዎቹ ያነሡት ጥያቄ ሌላ ነበር። «ግብር ሊጨመር ይችላል። ግን ማን ነው የሚጨምረው? በየትኛው ሕግ?» አሉ። ግብር ከሰው ኪስ በግድ የሚወሰድ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንድ ቢሮ አጥንቶ የሚወስነው ሳይሆን ሥልጣን ያለው ምክር ቤት በሕግ የሚጥለው ነው የሚል ነው ክርክሩ። እናት ፓርቲ ይህን ይዞ የከተማውን አስተዳደር ከሰሰ። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም ጭማሪው ሕጋዊ መሠረት የለውም ብሎ ወሰነ። እዚህ በየስልኩ ሲዞር የነበረው ወሬ መነሻው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱን ማየት ይጠቅማል። አንቀጽ 96 የፌዴራል መንግሥቱን፣ አንቀጽ 97 የክልሎችን የግብር ሥልጣን ይዘረዝራል። አንቀጽ 97 ክልሎች ከግል ቤትና ንብረት ከሚገኝ ገቢ ላይ ግብር እንደሚጥሉ ይናገራል። «ከሚገኝ ገቢ» ነው የሚለው። ቤት አከራይታችሁ ገቢ ካገኛችሁ ነገሩ ግልጽ ነው። ቤቱ ራሱ፣ ምንም ሳያስገባ፣ ቤት በመሆኑ ብቻ ሲገበርስ? ያ ተለይቶ አልተጻፈም። ተለይቶ ላልተጻፈ ግብር ደግሞ አንቀጽ 99 አለ። የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ ይላል። የንብረት ታክስም በዚሁ መንገድ ሄዶ ሁለቱ ምክር ቤቶች ሥልጣኑን ለክልሎች ሰጥተዋል። ከዚያም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017ን አወጣ። ይህ አዋጅ የሚመለከተው የዓመት ኪራይ ግምትን ሳይሆን የንብረቱን የገበያ ዋጋ ነው። የቦታ መጠቀሚያ መብቱም፣ በላዩ ያለው ግንባታም ይገባበታል።

ታዲያ ድሉ ምን ጠቀመ?

«እንግዲህ አዋጅ ከወጣ ክሱ ለከንቱ ነበር» የምትል ትኖራለች። እኔ እንደዚያ አላየውም። ጥያቄዎቹን ለያይተን እንያቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሕግ አለ ወይ? ሥልጣን አለው ወይ?» የሚል ነው። ይህ የሁሉም ሰው የጋራ ጥያቄ ስለሆነ አንድ ፓርቲ ወይም አንድ ማኅበር ስለ ብዙዎች ሊጠይቅ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማኅበር የአባላቱን ጥቅም ይዞ ፍትሕ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እናንተ ሰው ቤት ሳህን ስታጥቡ፣ ስማችሁን እንኳ የማያውቅ ሰው ስለ እናንተ ቤት ጭምር ሊከራከር ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን «ለእኔ ቤት በትክክል ተሰላ ወይ?» የሚል ነው። ቤቱ 60 ካሬ ሆኖ 90 ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። የጭቃ ቤት ሆኖ የብሎኬት ተብሏል። መኖሪያ ሆኖ ንግድ ቤት ተብሏል። የተከፈለ ዓመት ውዝፍ ሆኖ መጥቷል። ይህን ፓርቲም ማኅበርም አይጠይቅላችሁም። ባለቤቷ ራሷ ወይም በሕግ የወከለችው ሰው ቢሮ ሄዶ ቅሬታ ካላቀረበ በስተቀር ስሕተቱ እንደ እውነት ጸንቶ ይቀራል። አዲሱ አዋጅ በገበያ ዋጋ የሚሄድ ስለሆነ የካሬና የደረጃ ስሕተት ከበፊቱ ይልቅ ውድ ይሆናል።

እኛ ችግር ያለብን እዚህ ላይ ነው። ቤቱ እዚያ ነው፣ ባለቤቷ እዚህ ናት።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ብር ከመላክ በፊት የግብር ማስታወቂያውን ፎቶ ጠይቁ። ይህ ቤተሰብን መጠርጠር አይደለም። «ወንድምዬ፣ ወረቀቱን በስልክ ላክልኝ፣ እኔም ይዤ ልቀመጥ» ማለት ነው። በማን ስም ነው? የስንት ዓመት ነው? ካሬው ስንት ነው? የቦታ ኪራዩና የቤት ግብሩ ተለይቶ ተጽፏል? የቅሬታ ጊዜው መቼ ያልቃል? የቅሬታ ጊዜ አጭር ነው፤ አንዴ ካለፈ «እኔ ዓረብ አገር ነበርኩ» ማለት ብዙም አይረዳም።

ሁለተኛ፣ «ፍርድ ቤት ሽሮታል» ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ይግባኝ ሊባልበት ይችላል፣ ይግባኝ ላይ ደግሞ ሊታገድ ይችላል። እስከዚያ ያልተከፈለው ውዝፍ ይሆናል፣ ቅጣትና ወለድ ይከተለዋል። የማያከራክረውን ክፈሉ፣ በሚያከራክረው ላይ ቅሬታ አቅርቡ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። አንድ ቀን «አላግባብ የተሰበሰበው ይመለስ» ቢባል መጠየቅ የምትችለው ደረሰኝ በእጇ ያላት ናት።

ሦስተኛ፣ ውክልናውን በደንብ አጽፉ። ይህን እባካችሁ በትኩረት ስሙኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2205 አጠቃላይ ውክልና የማይበቃባቸውን ነገሮች ይዘረዝራል። ቤት መሸጥ፣ ቤት በመያዣ ማስያዝ፣ በዕርቅ መጨረስ፣ ስጦታ መስጠት፣ መክሰስና ለክስ መልስ መስጠት፣ እነዚህ ሁሉ ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ይህ በሁለት በኩል ይነካናል። «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ» ብላችሁ ብቻ ካጻፋችሁ፣ ወኪላችሁ ስለ ግብሩ ፍርድ ቤት መቆም ሲያስፈልገው «ሥልጣን የለህም» ሊባል ይችላል። ፈርታችሁ «መሸጥ መለወጥም ይችላል» ብላችሁ ካስገባችሁ ደግሞ ለግብር የሰጣችሁት ወረቀት ቤቱን ሊያሳጣችሁ ይችላል። ስለዚህ የምትፈልጉትን ብቻ በስሙ ጥሩ፤ ግብር እንዲከፍል፣ ማስታወቂያ እንዲቀበል፣ ቅሬታና ይግባኝ እንዲያቀርብ፣ ስለ ግብሩ እንዲከስና እንዲከራከር። የማትፈልጉትንም «መሸጥ፣ መለወጥና ማስያዝ አይችልም» ብላችሁ አስገቡ። ቆንስላ የተፈረመው ውክልና አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ አልፎ ነው የሚሠራው። ሲልኩት ቅጂውን እናንተ ዘንድ አስቀሩ።

ቆንስላ ለመሄድ ፓስፖርት ያስፈልጋል። ፓስፖርቷን ማዳም የያዘችባት እህት ቤቷንም በዚያው ታጣለች ማለት ይቻላል፤ ስለ ግብሯ የምትወክለው ሰው የላትም። እንዲህ ያለች ካለች በግል ታናግረኝ፣ ለብቻዋ አትጋፈጥ።

አራተኛ፣ የግብር ደረሰኝ ካርታ አይደለም። ለሃያ ዓመት በደረሰኝ ብትከፍሉም ያ ብቻውን ባለቤት አያደርጋችሁም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1195 ባለቤት ነው ብሎ የሚገምተው የባለቤትነት ማረጋገጫው በስሙ የተሰጠውን ሰው ነው። ቤቱ በወንድም ስም ከሆነ የግብር ማስታወቂያውም የሚመጣው በእርሱ ስም ነው፤ ቅሬታውም የእርሱ ነው። ስለዚህ ግብሩ ጨምሯል ተብሎ ሲደወል ቀድማችሁ የምትጠይቁት ስንት እንደሆነ ብቻ አይሁን። «በማን ስም ነው?» በሉ። ይህን ጥያቄ ዛሬ በፍቅር ማንሣት ከውርስ ክርክር ቀን ማንሣት ይቀላል።

አንድ ነገር ብዬ ልጨርስ። የምንኖርበት አገር የሥራ ሕግ የወጣው በፈረንጅ 1946 ነው። አንቀጽ 7 ላይ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ ያደርጋታል። እዚህ ስለ ሥራችን ስንናገር ገና «ሕጉ ይመልከተን» እያልን ነው። አገር ቤት ግን ስለ ቤታችን ስንናገር ከሕጉ ውስጥ ነን። ግብር ከፋይ ናችሁ፤ ግብር ከፋይ ደግሞ «በየትኛው ሕግ? በምን ስሌት?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሰዎች ጠይቀው ፍርድ ቤት እንደሰማቸው አይተናል። እኛ ደግሞ በየቤታችን ልክ እንጠይቅ።

ለሚቀጥለው እሑድ ሁላችሁም ሦስት ፎቶ አስልኩ፤ የካርታውን ወይም የኮንዶሚኒየም ውሉን፣ የመጨረሻውን የግብር ደረሰኝ፣ ካላችሁም ውክልናውን። ማንበብ የሚከብዳት እህት አታፍር፣ አብረን ቁጭ ብለን እናነባለን። ቤቱ በሌላ ሰው ስም የሆነባችሁም ኑ፤ ምን መደረግ እንደሚችል እንነጋገራለን። ለውክልና ቆንስላ የምትሄዱትም ቀኑን ተነጋገሩና አብራችሁ ሂዱ።