ሞተር ከመለወጥ በፊት፦ ስለ ገዳማት ጀልባ ፍጥነትና ሚዛን

(በመካኒሳ አቦ ለሰበካ ጉባኤ የልማት ክፍል ተጠሪዎች የቀረበ ንግግር)





ከመካኒሳ ሆኖ ሐይቅ አይታይም። ስለ ጀልባ ለመናገር መነሣታችን እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ናርጋ ሥላሴ፣ በዝዋይም ወደ ደብረ ጽዮን የሚሻገሩት የእኛው ምእመናን ናቸው። ለገዳማት ጀልባ ገንዘብ ስጡ ሲባልም የሚጠየቀው ይኸው አጥቢያ ነው።

ዘንድሮ የቀረበልን ጥያቄ አንድ የጣና ገዳም የሚገለገልበትን ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር በባለ 60 እንድንለውጥለት ነበር። ምክንያቱ በቂ ነበር። ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው የፋይበር ጀልባ ስምንት ሰው ሲይዝ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያነሣል፤ ኋላው ይሰጥማል፤ ማዕበል ሲመጣ ውኃ በኋላ በኩል ይገባል። ከእኛ መካከል ሦስታችን ከአንድ አረጋዊ መነኩሴ ጋር ስንሻገር ይህን በዓይናችን አይተናል። ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚታችን ደርሶ በጣሳ እየቀዳን ነው ወደብ የደረስነው። እንዲህ ያለውን ጀልባ በበለጠ ሞተር መግፋት መድኃኒቱ እንደሆነ ግን አላመንንም። ትልቁ ሞተር ክብደቱም ይበልጣል፤ የሚታሰረውም በዚያው በሚሰጥመው ኋላ ላይ ነው።

ስለዚህ ሙያ ያለው ሰው ይዘን ተመለስን። የመጀመሪያው ነገር መለካት ነበር። በካንዴላው ገመድ ላይ የሚጠመጠም የዙር መለኪያ ተውሰን፣ ሞተሩን በሙሉ ጋዝ አስነዳን። የአምራቹ መመሪያ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ይፈልጋል፤ የእኛው 4,500 ላይ ቀረ። በስልክ ስንለካው ፍጥነቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ነበር።

ለምን? የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ያጣል። እንግዲህ 40 ተብሎ የተገዛው ሞተር በጣና ላይ ከ33 ብዙም አይበልጥም። ፕሮፔለሩ ግን በባሕር ጠለል ለሚሠራ ሞተር የተመረጠ፣ ፒቹ 13 ኢንች የሆነ ነበር። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር በውኃው ውስጥ ሊራመድ የሚገባው ርቀት ነው። ጉልበቱ የቀነሰ ሞተር ረጅም እርምጃ ሲጠየቅ ይታፈናል፤ ቤንዚን ይበላል፤ አይሮጥም። በዳገት ላይ መኪናን በአራተኛ ማርሽ እንደመንዳት ነው። ፒቹ በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራልና ባለ 11 ኢንች ፕሮፔለር ተደረገ።

ሁለተኛው የሞተሩ አቀማመጥ ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር ሊስተካከል ይገባል። የእኛው ከዚያ አራት ጣት ያህል ጠልቆ ታስሮ ውኃውን በከንቱ ያርስ ነበር፤ ከፍ ተደረገ። ከመጠን በላይ ከፍ ቢል ደግሞ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጀልባው አይሄድም። የማዘንበያው ብረትም ሞተሩን ወደ ውጭ በሚገፋው ቀዳዳ ላይ ነበርና አንድ ቀዳዳ ወደ ጀልባው ቀረበ፤ አፍንጫው ዝቅ አለ። ከዚህ በላይ ቢቀርብ ግን አፍንጫው ውኃ ይቆፍራል፤ መሪውም ይከብዳል።

ሦስተኛው ምንም ወጪ የሌለው ነው፤ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን እርሱ ነው። የቤንዚኑ ጀሪካን፣ የጤፉ ጆንያ፣ የሻማውና የዕጣኑ ካርቶን ሁሉ ኋላ ነበር የሚጫነው፤ ሰውም ወሬ ለመስማት ወደ ነጂው ይጠጋል። ጭነቱን ወደ መካከል አመጣን፤ ሰዎቹን በግራና በቀኝ እኩል አስቀመጥን። በጀልባው ሆድ ላይ የተጋገረውን አረንጓዴ አተላም ፋቅን።

በዚያው ሞተር፣ በእነዚያው ስምንት ሰዎች፣ ዙሩ ወደ 5,000 ተጠጋ፤ ፍጥነቱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ሆነ። ጀልባው ውኃውን እያረሰ መሄዱን ትቶ በላዩ መንሸራተት ጀመረ። ውኃም አልገባም። አሥራ ሁለት ሰው ከተጫነበት ግን ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ለነጂዎቹም ለመጋቢውም ይህን አጥብቀን ነግረናል።

ስለ እምቦጭ አንድ ቃል እንጨምር። አረሙ በጣና ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የሞተር ጠላት ሆኗል። የማቀዝቀዣውን ውኃ መግቢያ ይደፍናልና ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ቀጭን ውኃ ሲቋረጥ ወዲያው አጥፍቶ፣ ሞተሩን አንሥቶ በእጅ ማጽዳት ያስፈልጋል። ነጂው የማጥፊያውን ገመድ በእጁ አንጓ ላይ ይሰር።

ለአዲሱ ሞተር የተሰበሰበው ገንዘብ በሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ውስጥ አለ። የእኛ አሳብ በከፊሉ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬትና አንድ መጠባበቂያ ፕሮፔለር እንዲገዛ፣ የተረፈው ለሰጪዎቹ ተነግሮ በፈቃዳቸው እንዲውል ነው። ገንዘቡ ለሞተር ተብሎ የተሰጠ ስለሆነ ያለ ሰጪዎቹ ፈቃድ ልናዛውረው አይገባም የሚሉ አባቶች አሉ፤ ትክክል ናቸው። ስለዚህ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉዳዩ ለምእመናን ይቀርባል።