የባቲ ፍየልና የፓሪስ ቦርሳ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው የቅንጦት ልብስና ቦርሳ የሚሠሩ ኩባንያዎች የካርቦን ልቀታቸውን ለመቀነስ ስለ ገቡት ቃል ነው። «ይህ ለከሚሴ ልጅ ምኑ ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ነገሩ ከደጃችን የሚጀምር ነው።

ጉቺንና ሴን ሎራንን የያዘው ኬሪንግ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ዓላማ አስታወቀ። ይኸውም ጠቅላላ ልቀቱን እስከ 2035 ድረስ ከ2021 መጠን በ40 በመቶ ለመቀነስ ነው። እዚህ ላይ «ጠቅላላ» የምትለው ቃል ትልቅ ቁም ነገር አላት። ምሳሌ ልስጥ። አንድ ፋብሪካ 100 ቦርሳ ሠርቶ ለያንዳንዱ 10 ኪሎ ካርቦን ቢለቅ ድምሩ 1000 ኪሎ ነው። ከዚያ የአንዱን ቦርሳ ልቀት ወደ 6 ኪሎ አውርዶ 200 ቦርሳ ቢሠራ ድምሩ 1200 ኪሎ ይሆናል። በቦርሳ ሲቈጠር 40 በመቶ ቀነሰ፤ በአየሩ ላይ ግን 200 ኪሎ ተጨመረ። እንግዲህ የኩባንያ ቃል ስንሰማ «በአንድ ዕቃ ነው ወይስ በጠቅላላ?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ሁለተኛው ጥያቄ ሒሳቡ ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። የካርቦን ሒሳብ በሦስት ክፍል ይጻፋል፤ አንደኛው ኩባንያው ራሱ የሚያቃጥለው ነዳጅ፣ ሁለተኛው የሚገዛው ኤሌክትሪክ፣ ሦስተኛው ከግቢው ውጭ ያለው ሁሉ፣ ማለት ጥሬ ዕቃው፣ ማጓጓዣውና የሌሎች ፋብሪካዎች ሥራ ነው። በፋሽን ሥራ ትልቁ ድርሻ ያለው በዚህ በሦስተኛው ነው። የፓሪስ ሱቅ አምፖሉን መለወጡ ቢያስመሰግነውም ዋናው ሸክም ያለው ከብት በሚረባበትና ቆዳ በሚለፋበት ስፍራ ነው።

እኛም የምንገባው እዚህ ላይ ነው። በዞናችን ያለችው ባቲ በሰኞ ገበያዋ ብቻ አይደለም የታወቀችው፤ የፍየል ሌጦዋም በዓለም የቆዳ ንግድ «ባቲ ጀኒዩን» የሚል ስም ይዟል። ፍየል ሲያመሰኳ ደግሞ ሜቴን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም በ100 ዓመት ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል።

ታዲያ የአርጡማ ወይም የጅሌ አርቢ ተከሳሽ ነውን? አይደለም። እሱ ፍየል የሚያረባው ለወተት፣ ለሥጋና ለክፉ ቀን ነው፤ ሌጦው ተከትሎ የሚመጣ ነው። ከፍየሉ ልቀት ስንቱ በሌጦው ላይ ይጻፍ የሚለውን የሚወስነው የሒሳቡ ደንብ ነው፤ ደንቡን ከሚጽፉት መካከል ግን አርቢው የለም። ኩባንያዎቹ ቍጥራቸውን ለማሳመር ከቆዳ ሸሽተው ከነዳጅ ዘይት ወደሚሠራ ሰው ሠራሽ ቆዳ ቢዞሩ ፍየሉ መታረዱ አይቀርም፤ የሚቀረው የአርቢው ገቢ ነው። ዋጋ ሲወድቅ ሌጦ በየበዓሉ ተጥሎ ሲበሰብስ አይተናል። ይህ ልቀቱ ተከፍሎ ጥቅሙ የቀረበት ንግድ ነው።

ሦስተኛም ነገር አለ። የካርቦን ቍጥር ውሃን አይቈጥርም። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ ከቆዳ ፋብሪካው ጭምር፣ የሚወጣው ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች አድርጎ ወደ ቦርከና ይገባል፤ በወንዞቹ ላይ በተደረገ ጥናት ለቆዳ ማልፊያ የሚያገለግለው ክሮሚየም ተገኝቷል። ቦርከና ደግሞ ወርዶ ወደ ጨፋ ይደርሳል፤ በበጋ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ከብቱን የሚያሰማራበት ሜዳ ነው። ካርቦን ቀንሶ ወንዝ የሚመርዝ ፋብሪካ አደገ አይባልም።

ስለዚህ ከኛ የሚጠበቀው ምንድን ነው? የሒሳብ መዝገብ የሚማር የኩባንያዎቹን ሪፖርት ይመርምር። ኬሚስትሪ የሚማር የቦርከናን ውሃ ይለካ። የከብት እርባታ የሚማር በክረምት ዕረፍቱ አገሩ ገብቶ ሌጦ በቢላ ሳይቀደድ እንዲገፈፍና በጊዜው ጨው እንዲነሰነስበት ያስተምር። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል የሚገኝ ስለሆነ፣ ፍሳሹን አጣርቶ ቆዳውን እዚሁ የሚጨርስ ፋብሪካ በካርቦን ሒሳብም አያፍርም።

የፓሪሱ ዓላማ መልካም ነው፤ እንዲሳካም እንመኛለን። ነገር ግን 40 በመቶው ከማን ትከሻ ላይ እንደሚነሣና በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ የመጠየቅ መብት የፍየሉ ባለቤት አለው። የሱን ጥያቄ በቍጥር አስደግፎ ማቅረብ ደግሞ ለመማር ዕድል ያገኘነው የኛ ዕዳ ነው።