ሕዝብ የሚጠየቀው መቼ ነው?



በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 43 ንኡስ አንቀጽ 2፣ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። መብቱ ተጽፏል፤ ጥያቄው የሚቀርብበት ጊዜ ግን አልተጻፈም። የዚህ ንግግር ጭብጥም ይኸው ነው። የመንገድ ወይም የባቡር መሥመር ከተወሰነ በኋላ ሕዝብን መሰብሰብ መንገር እንጂ መጠየቅ አይደለም፤ “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” እንደሚባለው ይሆናል።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር እንመልከት። ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቁት ሁለቱ መሥመሮች ብዙ ሕዝብ እንዳመላለሱ አይካድም። ይሁን እንጂ ሐዲዱ በምድር ላይ በሚያልፍባቸው ቦታዎች ጎዳናው መካከል በአጥር ተከልሎ ስለ ተዘረጋ፣ ግራና ቀኙን ለያይቷል። ቀድሞ ፊት ለፊት ይሻገር የነበረው እግረኛ እስከ ማቋረጫው ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት። በንድፍ ወረቀት ላይ ይህ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሸክም ለያዘች ነጋዴ፣ በምርኩዝ ለሚሄድ ሽማግሌ ግን የዕለት ድካም ነው። ቆጠራ ያለፈውን ይቆጥራል፤ ማለፍ ፈልጎ የቀረውን አይቆጥርም። ይህን የሚያውቀው የሠፈሩ ሰው ብቻ ነው።

የጊዜው ጉዳይ ምን ያህል እንደሚያመዝን ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ የሆነው ነው። ነዋሪዎች ሠፈራቸውን ሰንጥቆ ሊያልፍ የታቀደውን አውራ ጎዳና አጥብቀው በመቃወማቸው፣ የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ፍራንሲስ ሳርጀንት እ.ኤ.አ. በ1970 በከተማይቱ አካባቢ የሚካሄደውን አብዛኛውን የአውራ ጎዳና ሥራ አስቆሙ። ሳርጀንት ቀደም ሲል የግዛቱን የመንገድ ሥራ የመሩ ሰው ነበሩ። ጥናቱም ነዋሪዎች እየተካፈሉበት እንደገና ተጀመረ። በ1972 የደቡብ ምዕራቡ አውራ ጎዳና ተሰረዘ፤ በ1987 በዚያው ሥፍራ የባቡር መሥመር ተከፈተ፣ በጎኑም መናፈሻ ተዘረጋ። ነገር ግን ለጎዳናው ሲባል አስቀድሞ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ቤተሰቦች ውሳኔው ዘግይቶ ደረሰ።

ምክክር ሥራ ያዘገያል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እውነትነት የሌለውም አነጋገር አይደለም። በቦስተን ከስረዛው እስከ ምረቃው 15 ዓመት አልፏል። ሆኖም ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣ እርማት ከዚያ የከበደ ነው፤ ወጪውንም የሚሸከመው ያልተጠየቀው ሕዝብ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ማለት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቢያንስ ሁለት አማራጮችን ከነወጪያቸውና ከነጉዳታቸው፣ ተራው ሰው በሚረዳው ቋንቋ ማቅረብ ነው። ሁለተኛ፣ ሕዝቡን በቢሮ ሰዓት ወደ አዳራሽ ከመጥራት ይልቅ፣ እሱ ወዳለበት ወደ ታክሲ ተራው፣ ወደ ገበያውና ወደ ዕድሩ መሄድ ነው። ሦስተኛ፣ የተሰጠውን አስተያየት መዝግቦ፣ የትኛው እንደ ተወሰደ፣ የትኛውም ለምን እንደ ቀረ ተመልሶ ማስረዳት ነው። መልስ ያላገኘ ሰው በሁለተኛው ስብሰባ አይገኝም።

መሐንዲስ የሐዲዱን ጥንካሬ አስልቶ ያውቃል። ሐዲዱ የማንን ደጃፍ እንደሚዘጋ ግን መሥመሩን ሳያሰምር ባለ ደጃፉን መጠየቅ ይኖርበታል።