አምስት ምስክሮችና አንድ ታላቅ ቁጥር



የዚህ ንግግር ርእስ 4,294,967,297 የተባለው ሙሉ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚገኘው 32 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው በውጤቱ ላይ 1 ሲጨመር ነው። ባለ 32 ቢት የኮምፒዩተር መዝገብ ሊይዛቸው ከሚችላቸው ልዩ ልዩ ቁጥሮች ብዛት በአንድ ብቻ ስለሚበልጥ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ታሪኩ ግን ከኮምፒዩተር እጅግ ይቀድማል።

ፈረንሳዊው የሕግ ሰው ፒዬር ደ ፌርማ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 የተባሉትን ቁጥሮች መረመረ። እነዚህ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶችን በየተራ አባዝቶ 1 በመጨመር የሚገኙ ናቸው። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ይኸውም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው ቁጥር የለም። ፌርማም እ.ኤ.አ. በ1640 በዚሁ መንገድ የሚገኙት ሁሉ ብቸኛ እንደሚሆኑ ያለውን እምነት በደብዳቤ ገለጠ፤ ማረጋገጫ እንዳላገኘለት ግን አልሸሸገም።

ክርስቲያን ጎልድባህ በ1729 ጉዳዩን ለሌዎንሃርድ ኦይለር አነሣለት። ኦይለርም በ1732 ስድስተኛው ቁጥር የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አሳየ። አምስት ምስክሮች የደገፉት ሐሳብ በስድስተኛው ወደቀ።

የ641ን አካፋይነት ያለ ረጅም ስሌት ማየት ይቻላል። 640 የ5 እና የሰባት ሁለቶች ብዜት ነው፤ ለ641 ሲካፈል ቀሪው ከዜሮ በ1 ያነሰ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ አራት 640ዎች ሲባዙ ቀሪው 1 ይሆናል። ይህም ብዜት 625 በ28 ሁለቶች ሲባዛ የሚገኘው ነው። 641 ደግሞ የ625 እና የ16 ድምር በመሆኑ፥ በ625 ፈንታ ከዜሮ በታች 16ን መተካት ይፈቀዳል፤ 16 ራሱ የአራት ሁለቶች ብዜት ነውና 32 ሁለቶች ይሞላሉ። እንግዲህ የ32ቱ ሁለቶች ብዜት ቀሪ ከዜሮ በ1 ያነሰ ነው፤ 1 ሲጨመርበት ምንም አይቀርም።

ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት የሚገኘው ከፈተናው ምርጫ ነው። የፌርማ የራሱ ሕግ እንደሚለው፥ አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነና 2ን ከቁጥሩ በአንድ ባነሰ ርቢ ከፍ አድርገን ለቁጥሩ ብናካፍል ቀሪው 1 መሆን አለበት። 4,294,967,297 ይህን ፈተና ያልፋል፤ የሚያልፈው ግን ብቸኛ ስለሆነ ሳይሆን ከሁለቶች ስለተገነባ ነው። በ2 ፈንታ 3 ሲገባ ቀሪው 1 አይሆንም፤ ቁጥሩም ይወድቃል። ሥራው 32 ጊዜ በራስ ማባዛትና ቀሪውን መያዝ ብቻ ስለሆነ በእጅ ስሌትም ይቻላል።

ዛሬ ከ65,537 በኋላ ያሉት 28 ተከታታይ ቁጥሮች በሙሉ ብቸኛ አለመሆናቸው ታውቋል፤ ስድስተኛ ብቸኛ ቁጥርም ከዚህ ወገን እስካሁን አልተገኘም።

የመሐንዲስ ፊርማ የሰው ሕይወት የሚያርፍበት ነው። አምስት ናሙናዎች መልካም ውጤት ሲሰጡ ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ ስድስተኛው ከአምስቱ በምን ይለያል? ፈተናውስ ዕቃው በተፈጥሮው ሊያልፈው ግድ የሆነበት ፈተና አይደለምን? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ የሚሰጥ ማረጋገጫ፥ ፌርማ በግልጽ እንዳስቀመጠው፥ እምነት ተብሎ ሊጻፍ ይገባዋል።