የጻፈውና ያጻፈው፤ ስለ አእምሯዊ ንብረት ጥናትና ስለ ወጪው



የዚህ ንግግር ርእስ አእምሯዊ ንብረትን የሚመለከተው ሕግ እንዴት እንደሚጠና፤ ይልቁንም ለጥናቱ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከማን እንደሚገኝ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የሕግ አዋቂዎችና የበጀት ሹማምንት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ለተማሪዎቹ ከመጽሐፍ ጥቂት ገጽ የሚያባዛ መምህር በየቀኑ ከዚህ ሕግ ጋር ይገናኛል። መምህሩ ራሱ ደራሲ የሆነ እንደሆነም፤ ደክሞ ያዘጋጀው ማስታወሻ ያለ ፈቃዱ ተባዝቶ ሲሸጥ ሲያይ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከሌላው ወገን ሆኖ ሕጉን ይፈልገዋል።

በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ስሞች ይገኛሉ። አንዱ የጻፈው፤ ሁለተኛው ያጻፈው ነው። ቁም ጸሐፊው ቀለሙን በጥብጦ፤ ብርዑን ቀርጾ፤ ወራት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ፤ ያጻፈው ደግሞ ቀለቡንና የብራናውን ዋጋ ይችል ነበር። ስለዚህም በጸሎት ይታሰቡ ዘንድ የሁለቱም ስም ይጻፋል። ከዚህ ልማድ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛ፤ እውቀት ወጪ እንዳለው አባቶች አልሳቱም። ሁለተኛ፤ የሚጻፈውን መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ያጻፈው ነበር። ዳዊት የፈለገ ዳዊት፤ ገድል የፈለገ ገድል ያጽፍ ነበር፤ ፈላጊ ያጣው መጽሐፍ ግን ሳይገለበጥ ያረጅ ነበር። ስለ ዛሬው ምርምርና ስለ ገንዘቡ የሚነገረው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ውስጥ ይጠቃለላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራስያንንና የሠዓልያንን መብት የሚመለከቱ አንቀጾች ነበሩት። ከዚያ በኋላ የፈጠራ ሥራን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 123/1987፤ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤትን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 320/1995፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996፤ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ተከታትለው ወጡ። ሕግ ማውጣት ግን የሥራው እኩሌታ ነው። የቀረው እኩሌታ ሕጉ በሰው ኑሮ ውስጥ ምን እንደ ሠራ መርምሮ ማወቅ ነው። ለምሳሌ የቅጂ መብት አዋጁ ለማስተማር የሚደረገውን ማባዛት በልክ ይፈቅዳል። ልኩ ምን ያህል ነው? መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቶ ለአንድ ክፍል ተማሪ ሁሉ አንድ ቅጂ ብቻ የቀረ እንደሆነስ? ደራሲውስ ከዚህ የተነሣ ምን ያህል ይጎዳል? ይህን ለመመለስ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ መቁጠር፤ አሳታሚውንና መጻሕፍት ሻጩን መጠየቅ፤ የፍርድ ቤት መዝገብ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ለዚህም ሁሉ የመንገድ ስንቅና የረዳት ደመወዝ፤ ከሁሉም በላይ ከማስተማር የሚተርፍ ጊዜ ያሻል። የምርምር ገንዘብ የሚባለው ይኸው ነው።

ይህንኑ ጥያቄ በአፍሪካ ያነሣ አንድ ትልቅ ጥናት ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 በስምንት አገሮች፤ ይኸውም በግብፅ፤ በጋና፤ በኬንያ፤ በሞሮኮ፤ በሞዛምቢክ፤ በሴኔጋል፤ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ የነበሩ ሊቃውንት፤ የቅጂ መብት ሕግ ተማሪው መጽሐፍ እንዲያገኝ ይረዳው ወይም ያግደው እንደ ሆነ በአንድ ዓይነት ዘዴ መረመሩ። ወጪውን የቻሉት የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከልና የሻትልወርዝ ፋውንዴሽን ነበሩ። ያገኙትም መልስ የሚያሳስብ ነው። ሕጎቹ በወረቀት ላይ ጥብቅ ሆነው ሳለ፤ ተማሪዎች መጻሕፍትን የሚያገኙት በአብዛኛው ሕጉን በመተላለፍ ነበር። እንዲህ ያለ ሕግ ተማሪውን ጥፋተኛ ያደርጋል፤ ደራሲውንም አይጠቅምም።

ኢትዮጵያ ከስምንቱ አገሮች አንዷ አልነበረችም። ስለዚህ ኬንያዊው ወይም ኡጋንዳዊው መምህር በሕግ አውጪ ፊት ሲቆም ከዚያ መጽሐፍ የገዛ አገሩን ምዕራፍ መጥቀስ ሲችል፤ ኢትዮጵያዊው መምህር የሚያነበው የጎረቤቱን ምዕራፍ ነው። በጎረቤት ልክ የተሰፋ ልብስ ደግሞ ሁልጊዜ አይበቃም።

ጥናት ዘግይቶ ሲመጣ ምን እንደሚያስከፍል የጤፍ ነገር ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር፤ በጤፍ ዝርያዎች ስለ መጠቀምና ጥቅሙንም ስለ መካፈል ተዋዋሉ። ኩባንያው ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት በአውሮፓ ፓተንት አወጣ፤ በ2009 ግን ከሰረ። በኖርዌይ የሚገኘው የፍሪድዮፍ ናንሰን ተቋም ተመራማሪዎች ነገሩን ከሥሩ መርምረው በ2012 ባሳተሙት ዘገባ፤ ለኢትዮጵያ የደረሰው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ያህል ብቻ እንደ ነበረ ገለጡ። በመጨረሻም በኅዳር ወር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት፤ ፓተንቱ ፈጠራ የሚያሰኝ ብልሃት የለበትም ሲል በኔዘርላንድ ዋጋ እንዳይኖረው ፈረደ። በዚያ ሙግት ላይ የተከራከሩት ሁለቱም ወገኖች የአውሮፓ ኩባንያዎች ነበሩ። እናቶች ከጥንት ጀምረው ሲያቦኩትና ሲጋግሩት ስለ ኖሩት እህል የተደረገው ምርመራም ሆነ ፍርዱ ከሩቅ አገር መጣ ማለት ነው። የተመራማሪዎቹ ድካም ምስጋና ይገባዋል፤ ውሉ ከመፈረሙ አስቀድሞ እንዲህ ያለ ጥናት በአገር ቤት ቢኖር ግን ጥቅሙ የበለጠ በሆነ ነበር።

የቡናው ነገር ሌላ መልክ አለው። ጽሕፈት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፤ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚባሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ከብዙ ክርክርም በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረገ። የቦታን ስም ለሚይዝ ምርት የታወቀው ሌላ መንገድ የመልክዓ ምድር አመልካች ጥበቃ ነው፤ ነገር ግን በየኮረብታው ተበትኖ የሚኖረውን ገበሬ ሁሉ መቆጣጠር አስቸጋሪ ስለ ሆነ የንግድ ምልክቱ ተመረጠ። ከሁለቱ የትኛው ለገበሬው እንደሚበጅ፤ በ2013 በታተመ ሌላ የአፍሪካ ጥናት ውስጥ ከጋና ካካዎ ጋር እየተነጻጸረ ተመርምሯል። የዚህንም ወጪ የካናዳው ማዕከልና የጀርመን መንግሥት ቻሉ።

እንግዲህ የውጭው ገንዘብ አይነቀፍም፤ ያለ እርሱ እነዚህ መጻሕፍት ባልተጻፉም ነበር። ነገር ግን የውጭ ገንዘብ የጊዜ ገደብ አለው፤ ዘመኑ ሲያልቅ ጥያቄው ሳያልቅ ይቀራል። ከዚህም የሚብስ አደጋ አለ። መብት በእጁ ያለ ኩባንያ ለጥናት ሲከፍል ሕጉ እንዲጠብቅ፤ መጽሐፍ በነጻ እንዲባዛ የሚሻ ማኅበር ሲከፍል ደግሞ ሕጉ እንዲላላ የሚመክር መልስ ይጠብቃል። ስለዚህ የተመራማሪው ክብር በሦስት ነገር ሊጠበቅ ይገባል። አንደኛ፤ እንደ ብራናው ልማድ ያጻፈው ስም ከጻፈው ስም አጠገብ በግልጥ ይጻፍ። ሁለተኛ፤ ውጤቱ ከፋዩን ደስ ቢያሰኝም ቢያስከፋም ይታተም። ሦስተኛ፤ ጥያቄውን ተመራማሪው ከአገሩ ኑሮ ያውጣው እንጂ ከፋዩ አይቅረጽለት።

ይህ ሁሉ የሚጸናው ግን በቤት ውስጥ ጥቂትም ቢሆን የራስ ገንዘብ ሲኖር ነው። የአፍሪካ ኅብረት አገሮች ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶ ለምርምርና ለልማት ሥራ እንዲያውሉ እ.ኤ.አ. በ2006 በካርቱም ተስማምተዋል። ከዚህ ለእርሻና ለሕክምና ሲታሰብ ለሕግ ጥናትም ድርሻ ይታሰብ ዘንድ መጠየቅ የተገባ ነው። የመምህራን ማኅበራት ደግሞ መንግሥትን ሳይጠብቁ የሚጀምሩት ሥራ አለ። አንድ መምህር በአንድ ወሰነ ትምህርት የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ ተቀንሶለት፤ የመንገድ ወጪው ተችሎለት፤ በአንድ ወረዳ ላሉት ትምህርት ቤቶች አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ፤ የትኛው መጽሐፍ ከገበያ እንደ ጠፋ፤ ስንት ገጽ እንደሚባዛ፤ ደራሲውስ ምን እንዳገኘ ቢመዘግብ፤ ወጪው ከአንድ ስብሰባ ወጪ አይበልጥም። የማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶችም ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ምክንያቱም ተመራቂዎቻቸው በየገጠሩ ተበትነው ስለሚያስተምሩ መቁጠሪያው ቅጽ በእነርሱ እጅ ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል።

ሕጉ ነገ ሊሻሻል ሲቀርብ ሕግ አውጪው ማስረጃ ይጠይቃል። ባለ መብቶቹ ማስረጃቸውን በጠበቆቻቸው አዘጋጅተው ይመጣሉ። መምህሩም በዚያ ቀን ባዶ እጁን እንዳይቆም፤ የሚቆጠረው ዛሬ ይቆጠር፤ ቆጣሪውም በገዛ ማኅበሩ ስንቅ ይላክ።