ከማሞቂያውና ከማቀዝቀዣው በፊት ቤቱ

(በልደታ ግቢ ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ ምሽት እንድንናገርበት የተመደበልን ርእስ «ቤትን ስለ ማሞቅና ስለ ማቀዝቀዝ» የሚል ነው። ማስታወቂያው በሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን ፈገግ ሲሉ አይተናል። «ዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚወጣበት አገር ስለ ማሞቂያ ምን ይነገራል? ስለ ማቀዝቀዣውስ ቢሆን ሀብታም ይጨነቅበት» ያሉንም አሉ። እኛም መልሳችንን በክርክር ሳይሆን በራሳችን ላይ በደረሰው ነገር እንጀምራለን።

ባለፈው ታኅሣሥ አራት ሆነን፣ ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ ከማፍረሱ በተረፈች አንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ ለፈተና እናጠና ነበር። የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ምን እንደሆነ የአዲስ አበባ ልጅ ያውቀዋል። መስኮቱን በጋዜጣ ደፈንን፤ የበሩን ሥር በጆንያ ወተፍን፤ ማንደጃውንም ከነፍሙ አስገብተን በመካከላችን አኖርን። ጭስ ስላልነበረው ሥጋት አልገባንም። ጥቂት ቆይቶ ራሳችንን ያመን ጀመር፤ የንባብ ብዛት ነው አልን። ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ አለን፤ ድካም ነው አልን። ከመካከላችን አንዱ ውሃ ሊጠጣ ሲነሣ ጉልበቱ ከዳውና ከነወንበሩ ወደቀ። ያን ድምፅ የሰሙት አከራያችን እማማ በሩን ገፍተው ባይገቡ ኖሮ ዛሬ ከፊታችሁ የሚቆም አይኖርም ነበር። አንድ በአንድ ጎትተው ደጅ ካወጡን በኋላ «ምነው ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ ተምራችሁ ከሰል እንደሚገድል አታውቁም?» አሉን። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላልና እኛ የነበርነው እንናገራለን።

እማማ የተናገሩት ልክ ነበር፤ ያሳፈረንም ማወቃችን ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ እንደሚሰጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተፈትነን አልፈንበታል። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በዚህ ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች የአየሯ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ቀድሞ በሳሳ አየር ላይ ሌላ ሌባ ጨመርንበት ማለት ነው። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ቀመሩን ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል፤ ነገር ግን ቀመሩን ከማንደጃው ጋር አላገናኘነውም። ታዲያ የተማርነው ምኑን ነው?

ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ ከተማ ሙቀት መሻት የቅንጦት ነገር አለመሆኑን ታሪካችን ይመሰክራል። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በነፋሻውና በብርዳማው እንጦጦ ላይ ሳለ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃው መውረድን ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አጠገብ ቤት ተሠራ፤ አዲስ አበባም ተባለ። ከተማዋ ሰው ሲበዛባት ደግሞ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶ አለቀና በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እያደገ ማገዶ ባይሆን ኖሮ የምንማርበት ከተማ ምናልባት እዚህ ባልሆነ ነበር። እንግዲህ አዲስ አበባን የቆረቆራት ሙቀት ነው፤ ከቦታዋ ሊነቅላት የነበረውም የማገዶ እጦት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ቤቱ እንመለስ። በደጋ አገር ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ግን የቀኑ ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣል። ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ቀስ እያለ ለማታ ያወጣዋል። ቆርቆሮ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም፤ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ማታ ከሰው ቀድሞ ይበርዳል። ስለዚህ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። እናቶቻችን አቡጀዲ ገዝተው ከጣራው በታች ሲወጥሩ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ በጨርቁና በቆርቆሮው መካከል የሚቀረው አየር ራሱ ልብስ ነው። ያቺ ማንደጃ ልትገድለን የቀረበችበት ክፍል ኮርኒስ አልነበራትም። ሙቀቱ በጣራው ይወጣል፤ እኛ ደግሞ ከሰል እንጨምራለን። ጥፋቱ የእኛ ብቻ ሳይሆን የጣራውም ነበር።

የልደታ የጭቃ ቤቶች አብዛኞቹ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ፈርሰው በቦታቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ ከዚያም ወዲህ ባለ መስተዋት ፎቆች በየአቅጣጫው በቅለዋል። አዲስ ቤት መሠራቱን የምንቃወም አይደለንም። የምንጠይቀው ግን መስተዋቱ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ነው። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል የጧትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብሎ ስለሚገባ መስተዋቱን የሚከልለው ነገር የለም። ወደ ደቡብ የተከፈተ መስኮት ግን፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለሚያዘነብል፣ በብርዱ ወራት ያለ ዋጋ ሙቀት ያስገባል። ይህን ሳያስቡ ሠርተው ሲያበቁ የማቀዝቀዣ መኪና መግዛት ጣራው የሚያፈስበት ሰው ባልዲ ሲገዛ እንደመኖር ነው።

እዚህ ላይ «ድሬዳዋ፣ ጋምቤላና ሰመራ ላለውስ?» የሚለን ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። በቆላ ማቀዝቀዣ ለሆስፒታል፣ ለመድኃኒት ማከማቻና ለሕሙማን ግዴታ ነው፤ ለቤትም ቢሆን የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን በዚያም ቤቱ ይቀድማል። የአፋር እናቶች ከሰሌን ምንጣፍ የሚያቆሙት ቤት ነፋስ ያሳልፋል፣ ፀሐይ ይከልላል። የባቡር ሐዲዱ በ1890ዎቹ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረው ከዚራም በመንገዱ ዳር ዛፍ ተክሎ ጥላን የከተማው ፕላን አካል አድርጓል።

ስለ መኪናው ራሱም ጥቂት ማወቅ ይገባናል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት የአሜሪካ መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ የነደፈው ለሰው ምቾት ሳይሆን በብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ነው፤ የአየሩ እርጥበት ወረቀቱን እያሳበጠ ኅትመቱን ያበላሽ ነበርና። በክረምት ይህን ጋዜጣችንን በማባዣ የሚያትሙ ጓደኞቻችን ችግሩ ይገባቸዋል! መኪናው ብርድ አይፈጥርም፤ በውስጡ በሚዘዋወር ጋዝ አማካይነት ሙቀትን ከቤት ተሸክሞ ወደ ደጅ ያወጣል እንጂ። ከዚህ ሦስት የጥገና ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ መኪናው አየር አጥሮት ኤሌክትሪክ ብቻ ይበላል፤ ስለዚህ በየጊዜው ይታጠብ። ሁለተኛ፣ በደጅ የሚቀመጠው ክፍል ነፋስና ጥላ ይሻል። ሦስተኛ፣ ጋዙ እንደ ቤንዚን በሥራ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍን በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላ ሠራተኛ የደንበኛውን ኪስ ከማራቆቱም በላይ ሰማዩን ይጎዳል። የ1987 የሞንትሪያል ስምምነት የኦዞንን ሽፋን የሚያሳሱትን ጋዞች፣ የ2016ቱ የኪጋሊ ማሻሻያ ደግሞ በእነርሱ ምትክ የገቡትን፣ ምድርን የሚያሞቁትን ጋዞች ለመቀነስ የተደረጉት ስለዚሁ ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ይህ ግቢ በ1947 ዓ.ም. ከተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ የተወረሰ ነው። በዚሁ ግቢ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010ና በ2011 የእኛ መምህራንና ተማሪዎች ከዙሪክ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአብዛኛው ከአፈር የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አቁመው ነበር፤ የምድር ቤቱ ግድግዳ ተጠቅጥቆ የተሠራ አፈር ነው። አፈር የድኅነት ምልክት ሳይሆን የዕውቀት ዕቃ ሊሆን እንደሚችል ከዚያ ወዲያ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን?

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። የመጀመሪያው ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ የሚፈጸም ነው። ከሰል በደጅ ይቀጣጠል፤ ቤት ከገባም መስኮት ይከፈት፤ ማንም ሰው ማንደጃ አስገብቶ አይተኛ። ከሰል ያፈነውን ሰው ወተት ወይም ሎሚ አያድነውም፤ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ፈጥኖ ሆስፒታል ማድረስ ያድነዋል። ሁለተኛው፣ በዕረፍት ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበን ጓደኞቻችን የሚከራዩአቸውን ክፍሎች እየዞርን እንይ፤ ኮርኒስ ለሌለው ኮርኒስ እንወጥር፤ የአየር መግቢያ ለሌለውም ከአከራዩ ጋር ተነጋግረን እንክፈት። የመጀመሪያውን ክፍል መርጠናል፤ የእማማ ናት። አቡጀዲውን አራታችን አዋጥተን ገዝተናል፤ የቀረን ሚስማርና የሚያግዝ እጅ ነው።

ነገ መሐንዲስ ስንባል ፎቅ እንድንነድፍ የሚጠይቁን ይመጣሉ። ያን ጊዜ «መኪናው ያቀዝቅዘው» ብለን ከመፈረማችን በፊት፣ ኤሌክትሪክ በጠፋበት ቀን በዚያ ቤት ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው እናስብ። እማማ ለጠየቁን ጥያቄም መልሳችን ያ ይሁን።