የቤት ተራ

ለመንግሥት ሠራተኞች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት በየመሥሪያ ቤቱ፥ በሻይ ሰዓት፥ ከደመወዝ ነገር ቀጥሎ አብዝቶ የሚነሣው የቤት ነገር ነው። ቤት ስል ግን ስለ ብሎኬቱና ስለ ሲሚንቶው ለመናገር አይደለም፤ ዕውቀቱም የለኝ። የምናገረው ቤቱ ሳይገኝ በፊት ስላለው ነገር፥ ይኸውም ስለ ማመልከቻው፥ ስለ መዝገቡና ስለ ተራው ነው። በዚህ ነገር የመንግሥት ሠራተኛ ከሌላው ሕዝብ የሚለይበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ከመስኮቱ ወዲያም ወዲህም ይቆማል። ጧት ተቀምጠን የሌላውን ሰው ማመልከቻ የምንቀበል እኛ ነን፤ ከሰዓት በኋላ አስፈቅደን ወጥተን፥ የራሳችንን ማመልከቻ ይዘን በሌላ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት የምንሰለፍም እኛው ነን።

ይህ ተራ በአዲስ አበባ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ ላስታውስ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፥ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩ በአዋጁ ተቀንሶ ስለ ነበረ፥ ቤቱን አንድ ጊዜ ያገኘ ሰው አይለቅም ነበር፤ ልጆች ይወልዳል፥ ልጆቹም ወልደው በዚያው ይኖራሉ። ይህን ማንም ሊነቅፈው አይችልም፤ እኔም ብሆን አልለቅም። ነገር ግን የሚለቀቅ ቤት ከሌለ ተራው አይንቀሳቀስም። ትምህርቱን ጨርሶ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ወጣት ሠራተኛ ያመለከተበት ደብዳቤ በፋይል ውስጥ ሲከርም፥ እርሱ ከግል አከራይ ወደ ግል አከራይ ዕቃውን ተሸክሞ ሲዘዋወር ኖረ።

በ1997 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ በተከፈተ ጊዜ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. 10/90፥ 20/80 እና 40/60 የተባሉት የቁጠባ ዓይነቶች ሲመጡ፥ የተመዝጋቢው ቁጥር ከ900 ሺህ በለጠ። ለ10/90 በወር 187 ብር፥ በ20/80 ባለ አንድ መኝታ ለፈለገ 274 ብር፥ በ40/60 ባለ አንድ መኝታ ለፈለገ 1,033 ብር እንዲቆጥብ ተባለ። ብዙው ሰው ከቀለብ ቀንሶ፥ ከልጆች ጫማ ቀንሶ ይህን አስገባ። ዕጣው በወጣ ጊዜ ግን የቤቱ ዋጋ በምዝገባው ቀን ከተነገረው እጅግ በልጦ ተገኘ። ስለዚህ ቤት ደርሷቸው የወር ዕዳውን መክፈል ስላልቻሉ ለሌላ ሰው አከራይተው፥ ራሳቸው በሠፈር ውስጥ በጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ አሉ።

እዚህ ላይ ተራና ዕጣ አንድ እንዳልሆኑ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በተራ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል፤ የኋለኛውም ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ ቆጥሮ ያውቃል። በዕጣ ግን መቍጠር አይቻልም። የእኛ አሠራር ሁለቱን አደባልቆ ይዟል፤ ወደ ዕጣው ለመግባት መመዝገብና መቆጠብ ግዴታ ነው፥ ከገቡ በኋላ ግን ነገሩ የዕድል ነው። ሕዝቡም «ቤት ተሰጠው» ሳይል «ቤት ደረሰው» ማለቱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በወጡት ዕጣዎች ከቤቶቹ 30 በመቶው ለሴቶች፥ 20 በመቶው ለመንግሥት ሠራተኞች፥ 5 በመቶው ለአካል ጉዳተኞች ተለይቶ ነበር። አንዳንድ ባልንጀሮቼ ይህን 20 በመቶ ሲሰሙ፥ ከአምስት ሠራተኛ አንዱ የሚያገኝ መስሏቸው ይደሰታሉ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ተለይቶ የተያዘው ከቤቶቹ 20 በመቶው ነው እንጂ፥ ከሠራተኞቹ 20 በመቶው አይደለም፤ ቤቶቹ ጥቂት ከሆኑ አምስተኛቸውም ከዚያ ያነሰ ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ25 ሺህ 491 ቤቶች ዕጣ በአደባባይ ወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ወደ ኮምፒዩተሩ የገባው መረጃ እንደ ተነካካና ቁጠባቸውን ያላሟሉ ሰዎች ስም እንደ ገባበት ስለ ታወቀ፥ ዕጣው ተሰረዘ፤ በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ወጣ። በእነዚህ ወራት መካከል ቤት ደርሶት የነበረና ቤት የሌለው የሆነ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ጐረቤቱ «እንኳን ደስ አለህ» ሲለው ምን ብሎ እንደ መለሰ እግዜር ይወቀው። መረጃን የሚያስገባው እጅ የሠራተኛ እጅ ነው፤ ስለዚህ ይህን ነገር እንደ ሩቅ ወሬ ልንሰማው አይገባንም።

ተራ መጠበቅ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የኪራይ ድጎማ አለ። ገቢው አነስተኛ የሆነ ተከራይ ከገቢው 30 በመቶ ያህሉን ለኪራይ ይከፍላል፤ ቀሪውን መንግሥት ለአከራዩ ይሞላለታል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ የሚሰጠው በጀት እስከ ፈቀደ ብቻ ስለ ሆነ፥ በጠቅላላው በአሜሪካ ድጎማው ከሚገባቸው ቤተ ሰቦች የሚያገኘው ከአራት አንዱ ያህል ነው። የዋሽንግተን የቤቶች ባለሥልጣን በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ከ70 ሺህ በላይ ስም ስለ ተከማቸበት መዝገቡን ለአዲስ አመልካች ዘጋ። ልብ በሉ፤ እኛ በአዲስ አበባ ለመመዝገብ የተሰለፍንበት ዓመት ነው። በዚያ አገር በመዝገብ ላይ ያለ ሰው አድራሻውን በቀየረ ጊዜ ማስታወቅ፥ «አሁንም ትፈልጋለህን?» ተብሎ ሲጻፍለትም በተቀጠረው ቀን መመለስ አለበት፤ ካልመለሰ ስሙ ሊሰረዝ ይችላል። ዓመታት ጠብቆ ባልተከፈተ አንድ ፖስታ ምክንያት ተራውን ማጣት ይህ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የወጣው የከተማይቱ የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሚያገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታልና፥ በዚያ ዘመድ ያላችሁ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚችሉ ብትጽፉላቸው ደግ ታደርጋላችሁ።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ተራ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ በትልቅ ነገር አይደለም። አንዱ የስልኩን ቁጥር ይቀይርና አያስታውቅም። ሌላዋ በመታወቂያዋና በቁጠባ ደብተሯ ላይ የተጻፈው ስም ይለያያል፤ በአንዱ የአያት ስም አለ፥ በሌላው የለም። ስማችን ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥማ የባሰ ነው፤ አንድ «ጸሐይ» በሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ሰው ሆና ትገኛለች። ስለዚህ ዛሬ ማታ እራት ከተበላ በኋላ መታወቂያውን፥ የምዝገባውን ቢጫ ወረቀትና ደብተሩን አውጥታችሁ ጎን ለጎን ብታስተያዩ ከእኔ ንግግር ይልቅ ይጠቅማችኋል።

ተራው እስኪደርስ የሚኖረው በኪራይ ቤት ነውና፥ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320ንም ማወቅ ይገባል። በዚህ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት ያላነሰ ዘመን እንዲኖረውና እንዲመዘገብ ታዟል፤ አከራይም ከሁለት ወር የሚበልጥ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ውሉን ማስመዝገብ አከራዬን ያስቀይምብኛል ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ያልተመዘገበ ውል ክርክር በመጣ ቀን ደካማ ምርኩዝ ነው።

አንድ የራሴን ነገር ተናግሬ ላብቃ። በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። አንዲት አሮጊት ባለቤታቸው ሞተውባቸው፥ የሚኖሩበት የመንግሥት ቤት የኪራይ ውል በስማቸው እንዲዛወርላቸው አመለከቱ። ፋይሉን ፈለግሁ፥ አጣሁት። «እማማ፥ ነገ ይምጡ» አልኋቸው። በማግስቱ መጡ፤ «ሰኞ ይምጡ» አልሁ። ሰኞም መጡ፤ አሁንም መለስኋቸው። ከሩቅ ሠፈር በእግራቸው ይመጡ እንደ ነበር በኋላ ሰማሁ። በአራተኛው ጊዜ ነጠላቸውን አስተካክለው በመስኮቱ ጐንበስ አሉና፥ «ልጄ፥ ከየትኛው መደርደሪያ ነው የምትፈልገው?» አሉኝ። «የባለቤትዎ ስም ኃይሉ አይደለም? ከሃሌታው ሀ ነዋ» አልኋቸው። «እርሱ የቄስ ተማሪ ነበር፤ ስሙን የሚጽፈው በብዙኃኑ ኀ ነው። እስቲ እዚያ እይልኝ» አሉ።

ሄጄ አየሁ። ፋይሉ በሥፍራው፥ ሟቹ ራሳቸው በጻፉት ስም፥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ይዤው ስመለስ «ይቅርታ» ለማለት እንኳ አፌ ተሳሰረ። እርሳቸው ግን ወረቀቱን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና፥ «ይኸው፥ የእርሱ ጽሕፈት ነው» ብለው ዝም አሉ። እኔም ያን ቀን ምሳዬን ሳልወጣ፥ የሦስቱን ሀ መደርደሪያዎች አውርጄ ከመጀመሪያው ቈጠርሁ።